ስለ ታሪክ መምህሩ መጻሕፍትና ስለ ተማሪዎች ክርክር

በዚህ ጽሑፍ ፕሮፌሰር ባሕሩ ዘውዴ ስለ ኢትዮጵያ ተማሪዎች ንቅናቄ ባዘጋጇቸው ሁለት መጻሕፍት ላይ ያለኝን አሳብ ለወጣት አንባቢዎች መግለጽ እፈልጋለሁ። በአገራችን ሒስ ሲባል ብዙ ሰው የሚመስለው ወይ ማሞገስ ወይ ማዋረድ ነው። እኔ በጡረታ የምኖር የትምህርት ቤት አስተማሪ እንጂ ሊቅ ስላልሆንሁ፣ ሊቁን ለማሞገስም ለማዋረድም ሚዛኑ የለኝም። የምችለው አንድ ነገር ነው፤ መጻሕፍቱ ምን እንደ ጠቀሙኝና የት ላይ እንደ ጐደሉብኝ በግልጽ መናገር።

ይህን እንድጽፍ ያነሣሣችኝ አንዲት እናት ናት። በጌጃ ሰፈር ከእኔ ቤት ዝቅ ብላ የምትኖር፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ የሆነ ልጅ ያላት ሴት ናት። አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ መንገድ ላይ ጠብቃ አስቆመችኝ። ልጅዋ ከእኔ ተውሶ የወሰደውን መጽሐፍ በነጠላዋ ሸፍና ይዛዋለች። «ጋሼ» አለችኝ፤ «እርስዎን አከብራለሁ፤ ልጄንም ያስተማሩልኝ እርስዎ ነዎት። ነገር ግን ይህን መጽሐፍ ይውሰዱልኝ። ታላቅ ወንድሜን የበላው ይህ ነገር ነው።» ወንድሟ በ1970 ዓ.ም. የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ሳለ ማታ ከቤት ተወስዶ አልተመለሰም። እርሷ ያን ጊዜ ገና ሕፃን ነበረች፤ የምታስታውሰው እናቷ የልጁን ደብተሮች በምድጃ ስታቃጥል ብቻ ነው።

ምን ልመልስላት? መጽሐፉን ተቀብያት ቤቴ ገባሁ። እንደገናም ከመጀመሪያው ገጽ ጀመርሁ፤ በዚህኛው ጊዜ ግን ያነበብሁት የእርሷን ጥያቄ ይዤ ነው። ጥያቄዋ ይህ ነው፤ ተማሪዎች እንዲነጋገሩና ለወገናቸው እንዲቆረቆሩ የሚያበረታታ መምህር ለልጆቹ ብርሃን ይሰጣቸዋልን ወይስ ወደ እሳት ይነዳቸዋል?

ፕሮፌሰር ባሕሩ ለታሪክ ወዳጆች አዲስ ስም አይደሉም። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በታሪክ ትምህርት ክፍል ለብዙ ዓመታት አስተምረዋል፤ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋምንም በዳይሬክተርነት መርተዋል። እ.ኤ.አ. በ1991 በእንግሊዝኛ የወጣው የዘመናዊት ኢትዮጵያ ታሪካቸው በኋላ በአማርኛም ተመልሶ በብዙ ተማሪዎች እጅ ገብቷል። እ.ኤ.አ. በ2002 ደግሞ በሃያኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ ስለ ተነሡት ለውጥ ፈላጊ ምሁራን፣ ስለ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝና ስለ ዘመን ጓደኞቹ አንድ መጽሐፍ አሳትመዋል። (ገብረ ሕይወት በልጅነቱ ምጽዋ አጠገብ በምንኩሉ በስዊድን ሚስዮን ትምህርት ቤት መማሩን ባነበብሁ ጊዜ፣ እኔም የሚስዮን ልጅ ነኝና በልቤ ጥቂት ኰራሁ። አንባቢ ይህን ድካሜን ይለፍልኝ።) እንግዲህ ከእነዚያ ከጥንቶቹ ምሁራን ተነሥተው ወደ ተማሪዎቹ መምጣታቸው የሚጠበቅ ነበር፤ ይልቁንም እርሳቸው ራሳቸው በዚያው ዘመን በዚያው ዩኒቨርሲቲ የተማሩ ስለሆኑ ነው።

ከሁለቱ መጻሕፍት አስቀድሞ የታተመው እ.ኤ.አ. በ2010 በማኅበራዊ ጥናት መድረክ የወጣው የቃል ታሪክ ነው። አፈጣጠሩ ራሱ ትምህርት ይሰጣል። እ.ኤ.አ. በ2005፣ የግንቦት 7 ቀን 1997 ዓ.ም. ምርጫ በተደረገበትና ከምርጫውም በኋላ በአዲስ አበባ መንገዶች ላይ ደም በፈሰሰበት ዓመት፣ የቀድሞው የተማሪዎች ንቅናቄ ተሳታፊዎች ጠጕራቸው ሸብቶ አዳማ ላይ ተሰበሰቡ። ስለ ንቅናቄው አጀማመር፣ ስለ ማኅበራቱ፣ ስለ ብሔረሰቦች ጥያቄ፣ ስለ ሴቶች ጥያቄ፣ የተማሪ ማኅበርም እንዴት ወደ ፖለቲካ ድርጅት እንደ ተለወጠ ተነጋገሩ። የተናገሩትም ተቀድቶ፣ ተጽፎና ተስተካክሎ መጽሐፍ ሆነ።

ወጣት አንባቢ ሆይ፤ እነዚህ ሰዎች እነማን እንደሆኑ ልብ በል። በሃያ ዓመታቸው በአንድ አዳራሽ ውስጥ ተቀምጠው በአንድ ድምፅ የጮኹ፣ ከዚያም ገሚሶቹ ለኢሕአፓ ገሚሶቹ ለመኢሶን ተሰልፈው የተለያዩ ናቸው። በአንደኛው ወገን ያለው ለሌላው «ባንዳ» የሚል ስም አወጣለት፤ ሌላው ደግሞ «አናርኪስት» ብሎ መለሰለት። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. እነዚህ ሁለት ቃላት ስድብ ብቻ አልነበሩም፤ ሰው የሚሞትባቸው ቃላት ነበሩ። ታዲያ እነዚያኑ ሰዎች ወይም ከእነርሱ የተረፉትን ከሠላሳ ዓመት በኋላ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ አስቀምጦ «እስቲ ንገሩን፤ ምን ነበር ያደረጋችሁት?» ብሎ መጠየቅ የታሪክ መምህር ሊሠራው ከሚችለው ሥራ ሁሉ የከበደው ይመስለኛል። አንዱ «እንዲህ ነበር» ሲል ሌላው «አልነበረም» ይላል። አዘጋጁ መካከል ገብተው አንዱን እውነተኛ ሌላውን ሐሰተኛ አላደረጉም፤ ክርክሩን ለአንባቢ ተዉለት። አንዳንድ ሰው ይህን እንደ ድካም ይቈጥረዋል። እኔ ግን የመጽሐፉ ትልቁ ብርታት ይህ ነው እላለሁ፤ ልጆቻችን ሁለት ሽማግሌዎች ሳይደባደቡ ሲለያዩ ማየት ብርቅ ሆኖባቸዋልና።

ሁለተኛው መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው ነው። ከ1960 ገደማ እስከ 1974 እ.ኤ.አ. ድረስ የነበረውን የተማሪዎች ንቅናቄ ይተርካል፤ ርእሱም ሶሻሊስታዊ ሕልምን ስለ መሻት የሚናገር ነው። በዚህኛው ጸሐፊው ሌሎችን ማናገር ትተው ራሳቸው ይናገራሉ። በ1943 ዓ.ም. አራት ኪሎ ላይ ከተከፈተው የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ጀምሮ ነገሩን በየደረጃው ያሳዩናል።

ከዚያ ሁሉ ትረካ እኔን እጅግ ያቆመኝ ነገር የኮሌጁ በዓል ነው። በየዓመቱ በሚከበረው በዚያ በዓል ተማሪዎች ንጉሠ ነገሥቱ ባሉበት ግጥም ያነቡ ነበር። መጀመሪያ ላይ ግጥሙ ስለ ተፈጥሮ፣ ስለ ፍቅርና ስለ አገር ውበት ነበር። በ1953 ዓ.ም. ግን ታምሩ ፈይሳ የተባለ ተማሪ «ድሀው ይናገራል» የሚል ግጥም ይዞ ቀረበ። ርእሱን ብቻ ተመልከቱ። ያ የታኅሣሥ ግርግር በሆነበት ዓመት፣ የመኳንንቱ ደም ገና ሳይደርቅ፣ አንድ ተማሪ በሸንጎ ፊት ቆሞ ድሀውን አናገረው። ይህ ምንድን ነው? እኔ እንደሚገባኝ ውይይት ነው። ተማሪው ተናገረ፤ ገዢው ተቀምጦ ሰማ፤ ሕዝቡም መካከላቸው ሆኖ ታዛቢ ነበር። ግጥሙ እያደር እየመረረ ሲሄድ ግን ባለ ሥልጣኖቹ ተቆጡ፤ በሩም ጠበበ። በግጥም መናገር ሲከለከል ንግግሩ ወደ መንገድ ወጣ። በየካቲት 1957 ዓ.ም. ተማሪዎች «መሬት ለአራሹ» እያሉ ወደ ፓርላማ ሄዱ። ባንዱ ዓመት የተዘጋ በር በሌላው ዓመት በጩኸት ይከፈታል፤ ያቺ እናት «ይህ ነገር ነው የበላው» ስትል መልስ ልሰጣት ብችል ኖሮ ከዚህ ገጽ እጀምር ነበር።

ሌላው የወደድሁት ነገር ስለ ዩኒቨርሲቲው አገልግሎት የሚናገረው ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 በወጣው ደንብ መሠረት የዲግሪ ተማሪ ከመመረቁ በፊት አንድ ዓመት ወደ ጠቅላይ ግዛት ወርዶ፣ ብዙውን ጊዜ በመምህርነት፣ ማገልገል ነበረበት። ከአዲስ አበባ ወጥቶ የማያውቅ የከተማ ልጅ ገበሬው ከምርቱ ስንቱን ለባለ ርስት እንደሚያስረክብ በዓይኑ አየ። ተማሪዎቹ በ1958 ዓ.ም. ሾላ ላይ ለማኞች ስለ ታጐሩበት ሰፈር ሲጮኹና ድህነት ወንጀል ነው ወይ ብለው ሲጠይቁ፣ ጥያቄው ከመጽሐፍ ብቻ የተቀዳ አልነበረም። ዛሬ «ማኅበራዊ ንቅናቄ» የሚለውን ቃል የሚሰማ ወጣት ወዲያው የሚታየው ሰልፍ፣ መፈክርና ድንጋይ ነው። ነገር ግን በጥቁር ሰሌዳ ፊት አንድ ዓመት መቆም፣ የማያውቁትን ሰው ቋንቋ መማር፣ ከእርሱ ጋር ከአንድ መሶብ መብላት ይህም ንቅናቄ ነው። ፕሮፌሰሩ በዚህ ላይ ከዚህ የረዘመ ምዕራፍ ቢጽፉ እመኝ ነበር። ለጉባኤዎች፣ ለመግለጫዎችና ለማኅበራት መከፋፈል የሰጡት ቦታ እጅግ ሰፊ ሲሆን ለዚህ የሰጡት ጠባብ ነው።

አሁን ወደ ክርክሩ ልምጣ፤ የጽሑፌም ዋና ነገር ይህ ነው። መጽሐፉን ያነበበ ሰው አንድ ነገር ያስደነግጠዋል፤ ንቅናቄው በክርክር ተጀምሮ ክርክርን በመጥላት ማለቁ ነው። መጀመሪያ ላይ የተማሪዎቹ ስብሰባ የሁሉም አደባባይ ነበር። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ግን ከብዙኃኑ የተለየ አሳብ ያለው ተማሪ ሲነሣ ይጮኽበት፣ «አድኃሪ» ይባልና አንገቱን ደፍቶ ይቀመጥ ጀመር። በውጭ አገር ያሉትም እንዲሁ ሆኑ። እ.ኤ.አ. በ1971 በሰሜን አሜሪካ የነበረው የኢትዮጵያ ተማሪዎች ማኅበር በብሔረሰቦች ጥያቄ ምክንያት በጉባኤው ላይ ተከፈለ። አንድ ወር ተነጋግረው ሊለያዩበት የሚገባ አሳብ አልነበረምን? ነበር። ነገር ግን የሚከራከሩት ለማወቅ ሳይሆን ለመርታት ነበርና ከአዳራሹ የወጡት እንደ ባላጋራ ሆነው ነው።

ይህን ሳነብ አሳቤ ወደ ልደታ ፍርድ ቤት ሄደ። ከሰፈራችን ቅርብ ስለሆነ ባለ ጉዳዮች ሲወጡና ሲገቡ ስናይ ነው የምንውለው። አሁን ባለ ጉዳዩ ወረቀት ይዞ በጠበቃ ይናገራል። አባቶቻችን ግን በዋርካ ሥር «በላ ልበልሃ» ተባብለው በፈረስ ወይም በማር ተወራርደው ይሟገቱ ነበር። ያ ሙግት ሥርዓት ነበረው። ተሟጋቹ ጉልበቱን ሁሉ፣ ቅኔውንም ተረቱንም ያወጣል፤ ነገር ግን ባላንጣው ሲናገር ዝም ይላል። ደግሞም የሰማውን ቃል አንድ በአንድ ይዞ ካልመለሰ ይረታል። ፊደል ያልቈጠረ ባላገር ባላጋራውን ሰምቶ ይመልስ ነበር። የእኛ ተማሪዎች ማርክስንና ሌኒንን ሲያነቡ፣ ይህን የአያቶቻቸውን ሥርዓት ግን እንደ ፊውዳል ቅርስ ቈጥረው ጣሉት። ፕሮፌሰር ባሕሩ የንቅናቄውን ምንጭ ሲፈልጉ ወደ ውጭ፣ ወደ ዓለም ወጣቶች አመፅ፣ ወደ ግራ ክንፍ መጻሕፍት አሻግረው ያያሉ፤ ወደ አገር ውስጥም ወደ ቀደሙት ምሁራን ዘወር ይላሉ። ይህ ትክክል ነው። ነገር ግን ያልተማረው ሕዝብ እንዴት ይከራከር እንደ ነበር፣ ከዚያም ምን እንደ ጠፋ አለመጠየቃቸው ትልቅ ጉድለት ሆኖ ታይቶኛል።

እኔ ስለዚህ ነገር ለመናገር መብት አለኝን? በሚስዮን ትምህርት ቤት ሳለሁ ዓርብ ከሰዓት በኋላ የክርክር ሰዓት ነበረን። «ከገንዘብና ከትምህርት የትኛው ይበልጣል?» «ከገጠርና ከከተማ ኑሮ የቱ ይሻላል?» እየተባለ በሁለት ወገን እንከራከር ነበር። አስተማሪያችን የሚወደው ነገር፣ ዛሬ ለገንዘብ የተከራከረውን ልጅ በሚቀጥለው ዓርብ ለትምህርት ማከራከር ነበር። ያን ጊዜ ጨዋታ ይመስለን ነበር።

ከዚያ በኋላ አድጌ እኔም መምህር ሆንሁ። በደርግ ዘመን ታሪክ ሳስተምር፣ ስለ መሬት ዐዋጅ እየተናገርሁ ሳለ፣ አንድ ተማሪ እጁን አወጣ። «መምህር፤ መሬት ለአራሹ ብለው መጀመሪያ የጠየቁት ተማሪዎች ናቸው ብለውናል። እነዚያ ተማሪዎች አሁን የት ናቸው?» አለ። ክፍሉ ጸጥ አለ። መልሱን ክፍሉ ሁሉ ያውቀዋል፤ እኔም አውቀዋለሁ። ልጁም ያውቀው ነበር ብዬ እጠረጥራለሁ። «ተቀመጥ» አልሁት። ከዚያ ወዲያ ያ ልጅ እስከ ዓመቱ መጨረሻ እጁን አላወጣም። ስሙን እስካሁን አልረሳሁትም። ፈራሁ፤ የምፈራበትም ምክንያት ነበረኝ። ነገር ግን ያን ቀን «ከክፍል በኋላ ና» ብዬ በጆሮው አንድ ቃል ልነግረው እችል ነበር፤ ይህንም እንኳ አላደረግሁም። የአዳማውን መጽሐፍ ሳነብ በየገጹ የምሰማው የእርሱን ጥያቄ ነው። ታሪክ አስተማሪው እኔ ያልመለስሁትን ሌላ የታሪክ አስተማሪ ዘግይቶም ቢሆን ለመመለስ ተቀምጦአልና፣ ምስጋናዬ ከዚህ የመጣ እንደሆነ አንባቢ ይረዳልኝ።

ምስጋናዬ ግን ነቀፌታዬን አያስቀረውም። ሁለቱም መጻሕፍት መጀመሪያ የወጡት በእንግሊዝኛ ነው። የሊቃውንት ልማድ ይህ መሆኑን አውቃለሁ፤ የዓለም ሊቃውንት እንዲያነቡት፣ እንዲመረምሩትም ያስፈልጋል። ሆኖም ያቺ የጌጃ ሰፈር እናት የወንድሟን ዘመን ታሪክ በነጠላዋ ሸፍና ስትመልስልኝ አንዲቱን ገጽ እንኳ ማንበብ አትችልም ነበር። የፈራችው ያላነበበችውን መጽሐፍ ነው። ይህ የእርሷ ጥፋት ነውን? ስለ ሕዝብ የተከራከሩ ተማሪዎች ያን ጊዜም ብዙውን ነገር በእንግሊዝኛ ይጽፉ ነበር። ዋለልኝ መኰንን በኅዳር 1962 ዓ.ም. «ታገል» በተባለው የተማሪዎች መጽሔት ላይ ስለ ብሔረሰቦች ጥያቄ ያሳተመው ጽሑፍ እንኳ በእንግሊዝኛ ነበር። ዛሬ በዚያ አጭር ጽሑፍ የሚምል አለ፤ የሚረግመውም አለ፤ ያነበበው ግን ከሁለቱም ወገን ጥቂት ነው።

ደግሞም ሁለተኛው መጽሐፍ በ1966 ዓ.ም. ደጃፍ ላይ ይቆማል። የታሪክ ጸሐፊ ወሰን ማበጀት እንዳለበት አልክድም። ነገር ግን አንባቢው በዚያ ደጃፍ ቆሞ ከውስጥ የሚሰማውን ጩኸት እየሰማ መጽሐፉን ለመዝጋት ይገደዳል። ከታኅሣሥ 1967 ዓ.ም. ጀምሮ ወደ ስልሳ ሺህ የሚሆኑ ተማሪዎችና መምህራን ለዕድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ ገጠር ዘምተዋል። ከዚያም በኋላ ቀይ ሽብር መጥቷል። በቀይ ሽብር ካለቁት ብዙዎቹ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ሳይሆኑ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ልጆች ነበሩ። እነዚህ ልጆች በጉባኤ አልተናገሩም፤ መግለጫ አልጻፉም፤ ፓሪስና በርሊን አልሄዱም። ታላላቆቻቸው ተከራክረው የጨረሱትን ቃል ተቀብለው ወረቀት በሌሊት በተኑ፤ ሞቱም። የአዳማው ጠረጴዛም ቢሆን የተረፉት የተቀመጡበት ነው። ጥላሁን ግዛው ታኅሣሥ 19 ቀን 1962 ዓ.ም. ተተኵሶበት ሞቷል፤ ዋለልኝም በኅዳር 1965 ዓ.ም. አውሮፕላን ለመጥለፍ ሲሞክር ከጓደኞቹ ጋር ተገድሏል፤ የእነርሱን ስም ግን ታሪክ ይዞታል። የአሥራ አንደኛ ክፍሉን ልጅ ማን ይዞታል? ደብተሩም ተቃጥሏል። ሌላ የታሪክ መምህር ተነሥቶ በየሰፈሩ እየዞረ እኅቶችንና እናቶችን ቢጠይቅ፣ ከአዳማው የሚበልጥ መጽሐፍ ይወጣ ይሆናል። እናቶቹ ግን እያለቁ ስለሆነ ጊዜው አጭር ነው።

እዚህ ላይ ስለ አንድ ሌላ መምህር ጥቂት ልናገር። ፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያም የመልክዐ ምድር እንጂ የታሪክ መምህር አልነበሩም፤ ምንም እንኳ በ2005 ዓ.ም. «መክሸፍ እንደ ኢትዮጵያ ታሪክ» በሚል መጽሐፋቸው የታሪክ ሰዎችን አጥብቀው ቢገሥጹም። የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ጉባኤን ካቋቋሙት ዋነኛው እርሳቸው ናቸው። በ1993 ዓ.ም. እርሳቸውና የምጣኔ ሀብት ምሁሩ ዶክተር ብርሃኑ ነጋ ስለ ሰብአዊ መብትና ስለ ትምህርት ነጻነት ለተማሪዎች ከተናገሩ በኋላ፣ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የታጠቀ ፖሊስ ከግቢያቸው እንዲወጣ፣ ማኅበራቸውና ጋዜጣቸውም እንዲፈቀድላቸው ጠየቁ። ነገሩ ወደ መንገድ ወጣ፤ ብዙ ሰውም ሞተ። ሁለቱ መምህራን ተማሪዎቹን አነሣሥታችኋል ተብለው ታሰሩ፤ ኋላም በዋስ ወጡ። ፕሮፌሰር መስፍን ያን ጊዜ ሰባ ዓመት አልፏቸው ነበር።

ሁለቱን ፕሮፌሰሮች በአሳቤ ጎን ለጎን አስቀምጬ አያቸዋለሁ። አንዱ «ይህ ትክክል አይደለም» ብለው በአደባባይ የሚናገሩና ዋጋውን በራሳቸው ላይ የሚቀበሉ ነበሩ። ሌላው «ምን ነበር የሆነው?» ብለው ይጠይቃሉ። ወጣቶች በአብዛኛው የሚወዱት የመጀመሪያውን ነው፤ እኔም በሃያ ዓመቴ ብጠየቅ እንዲሁ እመርጥ ነበር። ዛሬ ግን የሚያስፈራኝ ተማሪ የሚናገር ሲሆን አይደለም፤ የማይጠይቅ ሲሆን ነው። መስፍንም ቢሆኑ ለተማሪዎቹ የተናገሩት ስለ መብት እንጂ ድንጋይ ወርውሩ አላሏቸውም። በሩን የዘጋው ሰው በሩን ካንኳኳው ሰው በፊት ቢጠየቅ ፍትሕ ይመስለኛል።

ይህ የድሮ ታሪክ ብቻ አይደለም። በ2012 ዓ.ም. የመጀመሪያ ወራት በብዙ ዩኒቨርሲቲዎቻችን ምን እንደሆነ ሁላችን እናስታውሳለን። በወልድያ ዩኒቨርሲቲ የሁለት ተማሪዎች ሕይወት ጠፋ፤ በሌሎችም ግቢዎች ተማሪ በተማሪ ላይ ተነሣ። ብዙ ልጆች ሻንጣቸውን ይዘው ወደየወላጆቻቸው ተመለሱ። በ1957 ዓ.ም. ተማሪዎቹ የወጡት የማያውቁት ገበሬ መሬት እንዲያገኝ ብለው ነበር። የአሁኑ ግን ከጎኑ የተኛውን የመኝታ ክፍል ጓደኛውን ቋንቋ ሰምቶ ሸሸ። በሁለቱ መካከል ያለውን መንገድ የተማሪዎቹን ክርክር ሳያጠኑ ማስረዳት አይቻልም፤ ለዚህም ነው መጽሐፉ የሽማግሌዎች ትዝታ ሆኖ እንዲቀር የማልፈልገው።

ለዚያች እናት የሰጠኋት መልስ እንግዲህ ይህ ነበር። ከሁለት ሳምንት በኋላ ቤቷ ሄድሁ። ቡና አፈላችልኝ። «እኅቴ፤ ወንድምሽን የበላው መነጋገር አይደለም፤ መነጋገር ያቆሙ ሰዎች ናቸው» አልኋት። ዝም ብላ ቡናውን ቀዳች። ከዚያም «ይህን እርስዎ ያውቃሉ፤ ገዳዮቹ ግን አያውቁም» አለችኝ። ለዚህ መልስ አልነበረኝም፤ አሁንም የለኝም። ልጅዋ በራፉ ላይ ተቀምጦ ይሰማ ነበር። ቡናው ሦስተኛው ከመድረሱ በፊት ግን «ይነጋገሩ ካሉ በእርስዎ ቤት ይሁን፤ በር ከፍታችሁ፤ እኔም እያየሁ» አለች።

እንዲሁም ሆነ። አሁን ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ልጅዋና ሌሎች ሦስት የሰፈሩ ተማሪዎች እኔ በረንዳ ላይ ይቀመጣሉ። ከመካከላቸው አንደኛው ቤታቸው በመልሶ ማልማት ፈርሶ ወደ ኮንዶሚኒየም የሄደ ነው፤ ሁለት ታክሲ ይዞ ይመጣል። የዋለልኝን ጽሑፍ በእጄ ወደ አማርኛ መልሼ አራት ቅጂ አዘጋጀሁላቸው። አንደኛው ዋለልኝ ትክክል ነው ይላል፤ ሁለተኛው አገር ያፈረሰ ነው ይላል፤ ሁለቱ ገና አልወሰኑም። ያወጣሁት ደንብ አንድ ብቻ ነው። ማንም ሰው ከመመለሱ በፊት ባላጋራው ያለውን በራሱ አፍ ደግሞ ይናገራል፤ ባላጋራውም «አዎን፤ ያልሁት ይህንኑ ነው» እስኪል ድረስ ይደግመዋል። ዓርብ ዓርብ እንዳደረግነውም በየጊዜው ወገን አስለውጣቸዋለሁ።

በመጀመሪያው ቅዳሜ እናትየዋ በራፏ ላይ በርጩማ አውጥታ ምስር ስትለቅም ዋለች። እስኪመሽ ድረስ ተከራክረው ከመጀመሪያው አንቀጽ አላለፉም፤ ሦስት ጊዜ «እንዲህ አላልሁም» ተባብለዋል። ሲሄዱ ልጅዋ መጽሐፉን እንደገና ተውሶኝ ሄደ፤ በዚህ ጊዜ ነጠላ አልለበሰም። በሚመጣው ቅዳሜ ከሁለተኛው አንቀጽ እንጀምራለን።